የያይ ቡንማ ኩይሳ

ባለፈው ቅዳሜ ከምንኖርባት ከኩን ራፒድስ ወጥተን፣ ሴይንት ፖል ውስጥ በታይላንድ በኩል የተሰደዱ ሞንጎች የሚነግዱበት ትልቅ ገበያ በር ላይ እንደደረስን፣ የልጅ ልጄ ሶልያና አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ይዛ «አባባ፣ ሳምቲንግ ዳይድ ኢን ሂር!» አለችኝ። እዚህ ውስጥ የሞተ ነገር አለ ማለቷ ነው። ልጅቷ ሚኒሶታ የተወለደች ስለሆነች በአማርኛ ትሰማለች፣ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። እኔ ደግሞ በእንግሊዝኛ እሰማለሁ፣ በአማርኛ እቆጣለሁ። እንዲህ ተግባብተን እንኖራለን።

የመጣነው ለጠጅ ሳር ነበር። ነርሷ ልጄ ለሳሌ አፍልቼ እንድጠጣ አዛኛለች፤ እሷ ካዘዘች ይግባኝ የለም። ጠጅ ሳሩን ሳንደርስበት ግን አንዲት አሮጊት ሻጭ ከጎኗ ያስቀመጠችው ባልዲ አስቆመኝ። ጨውና የተቆላ ሩዝ ዱቄት ተደርጎበት ለወራት እንዲብላላ የተተወ የወንዝ ዓሣ ነው። ሻጯ ገዢ መስዬያት ክዳኑን ገለጥ አደረገችልኝ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። ወገቤ ደግሞ አንዴ ካጎነበሰ ቀና ለማለት ምክር ቤት መጥራት ስላለበት እዚያው እንዳጎነበስኩ ቀረሁ። ያየኝ ሁሉ ለዓሣው የምሰግድ ሳይመስለው አይቀርም።

ሽታው እናቴን ይዟት መጣ።

«ታይላንድ ገጠር እያለሁ ቤታችን ሥር እንዲህ ያለ እንስራ ነበር» አልኳት ሶልያናን፣ እጄን ይዛ ስታቃናኝ።

«ዌት፣ ዩ ሊቭድ ኢን ታይላንድ? ላይክ፣ ፎር ቬኬሽን?»

አዎ፣ ለሽርሽር። እናቴን የቀበርንበት ሽርሽር። የት እንደምትቀበር፣ እንዴትስ እንደምትቀበር፣ ጨርሶ ትቀበር እንደሆነም አንድ መንደር የተጣላበት፣ አስተርጓሚውም የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረበት። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። በዚህ አፍ፣ ያን ጊዜ ከፊት ሁለት ጥርስ ጎድሎት በነበረው።

አባዬ የወባ ሠራተኛ ነበር። በንጉሡ ዘመን ናዝሬት ተቀምጦ፣ በየቆላው እየዞረ የሰው ቤት ግድግዳ ዲዲቲ የሚያስረጭ፣ ልብሱ ታጥቦ እንኳ መድኃኒት መድኃኒት የሚሸት ሰው። ቤታችን ትንኝ አይገባም፣ ትኋን አይገባም፣ እንግዳም እምብዛም አይገባም ነበር። የውጭ ድርጅት «ታይላንድ ሄደህ እዚያ ወባን እንዴት እንደሚዋጉት አንድ ዓመት እየሠራህ ተማር» ሲለው፣ ዘመዶቹ ሁሉ ሚስትህንና ልጅህን ትተህ ሂድ አሉት። እናቴ ግን «ወባ አገር ብቻህን ገብተህ ማን ያስታምምሃል?» ብላ ጓዟን ጠቀለለች። አባዬን ልታስታምም ሄደች። እግዚአብሔር የሰውን ቃል አዙሮ መስማት ሲፈልግ እንዲህ ነው።

ያረፍነው በአገሪቱ ሰሜን ምሥራቅ፣ በሩዝ ማሳ መሀል ባለች መንደር፣ ከያይ ቡንማ ቤት ነበር። ያይ ማለት በእነሱ አፍ አያት ነው። ባሏ የሞተባት፣ ጥርሷ በቅጠል ማኘክ የጠቆረ፣ ቁመቷ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ሴት። ቤቷ በረጃጅም እንጨቶች ላይ የቆመ ነው፤ እኛ ከላይ፣ ዶሮዎቹ፣ የሽመና ዕቃዋ፣ የዓሣው እንስራና የምታርስበት ጎሿ ከታች። እማዬ የመጀመሪያ ቀን እንስራውን ከፍታ አየችና ወዲያው ዘጋችው። «ይሄ ዓሣ ሞቶም አላረፈ!» አለች።

መንደሩ ለእኔ ስም ለማውጣት ብዙ አልተጨነቀም፤ ዳም አሉኝ፣ ጥቁር ማለት ነው። ቅር አላለኝም። ቅር ያለኝ ጎሹም ዳም መባሉን ሳውቅ ነው። ያይ ከደረጃው ላይ ሆና «ዳም!» ብላ ስትጣራ ሁለታችንም ቀና እንል ነበር፤ ለምሳ ይሁን ለእርሻ ሄደን ነው የምናውቀው። ከሁለታችን እሱ ቶሎ ይታዘዛል።

ሌላም መከራ ነበረብኝ። ያይ ባገኘችኝ ቁጥር አንገቴን ቀልበስ አድርጋ አፍንጫዋን ጉንጬ ላይ ትደቅንና በኃይል ወደ ውስጥ ትስባለች። ታሸተኛለች! ለእማዬ ብነግራት «ስለምትሸት ነዋ፤ ሂድ ታጠብ» አለችኝ። ታጠብኩ። ታጥቤ ስመጣ አሁንም አሸተተችኝ፣ እንዲያውም ሁለቱንም ጉንጭ። ከጎሹ ጋር ስለምውል ይሆናል ብዬ ጆሮዬን ሳይቀር በሳሙና ፈተግኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ዓመት ንጹሕ ሆኜ አላውቅም፤ ልጄ ይሄን ብታነብ አታምንም።

በደረስን በነጋታው ማለዳ ውሾች ጮኹ። እማዬ በመስኮት ብታይ፣ ቢጫ የለበሱ ሰዎች በባዶ እግራቸው ተሰልፈው፣ እያንዳንዳቸው መያዣ ዕቃ ታቅፈው በመንደሩ መሀል ይሄዳሉ። «መነኮሳት ናቸው! የኔታ የሰደዷቸው የቆሎ ተማሪዎችም አብረው አሉ!» ብላ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ያላትን ቂጣ ይዛ በደረጃው ወረደች። ቢጫ ለብሶ ምግብ የሚለምን፣ ውሻ የሚጮህበት፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ቂጣውን ሰጠችና «እግዜር ይስጥልን» እስኪሏት ቆመች። አላሏትም። ይባስ ብሎ የሰጡት ሴቶች ናቸው ተንበርክከው የሚያመሰግኑት። እማዬ ይህ ትሕትና ደስ አላትና፣ ከፊት ካሉት ሽማግሌ መስቀል ልትሳለም እጃቸውን ለመያዝ ጠጋ አለች። አባ እባብ እንዳየ ሰው ወደኋላ ዘለሉ። የእነሱ መነኩሴ ሴት አይነካም ለካ። ያይ በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠች። እማዬ ደንግጣ ቆይታ፣ ቆይታ፣ እሷም ሳቀች። የሁለቱ ወዳጅነት የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያወሩ ነበር፣ እማዬ በአማርኛ፣ ያይ በራሷ አፍ፣ አንዷ የሌላዋን አንድ ቃል እንኳ ሳትሰማ።

«ምን ስታወሩ ነው የዋላችሁት?» እላታለሁ።

«ስለ ባሏ። ጠጪ ነበር አሉ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ሴት አይደለችም እንዴ!»

ያይን ደግሞ በዚያው ሰሞን ጠየቅኳት። እኔ ከልጆቹ ጋር ስቦርቅ ዋል አደር ብዬ አፋቸውን ለምጄ ነበርና። «እማዬ ምን ነገረችሽ?» ብላት «እናቷ ትናፍቃታለች» አለችኝ። እውነት ነበር፣ ሁለቱም።

ክረምቱ እዚያም ክረምት ነው። ዝናቡ ሲገባ ሩዝ ይተከላል፣ አተካከሉም በወንፈል ነው። ዛሬ መንደሩ ሁሉ የአንዱ ማሳ ላይ ጎንበስ ይላል፣ ነገ የሌላው። ባለማሳው ያበላል። ወንፈል የሌለው ሰው ማሳ የለውም ማለት ነው፤ የአንድ ቤት ሰው ብቻውን አይደርስበትም። እማዬ የያይ ተራ ሲደርስ ቀሚሷን ሰብስባ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገባች። ችግኙን አጣማ ስለምትተክለው ሴቶቹ ከኋላዋ እየተከተሉ ያቀኑላት ነበር። ከማሳው መሀል አንድ ትልቅ ኩይሳ አለ፣ ዛፍ የበቀለበት፣ ውሃ የማይደርስበት። ምሳ የምንበላው እዚያ ጥላ ሥር ነበር። ያይ ከመብላቷ በፊት ከሙዳይዋ ቆንጥራ ትንሽ ሩዝ ኩይሳው ሥር ታስቀምጣለች፣ ለባለቤቱ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ብጠይቅ «እኔ ሳልወለድ የነበረ» አለችኝ። በጣም ያረጀ ባላባት መስሎኝ እጅ ነሳሁ።

እማዬን ብርድ ብርድ ያላት ሩዙ ማዘርዘር ሲጀምር ነው። አባዬ ከድንበር አካባቢ ካለው ጫካ ገብቶ የሰው ቤት እያስረጨ ነበር። ያን ሰሞን ዝናብ መንገዱን ቆርጦታል። እኔ የወባ ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ሀ ሁ ሳልቆጥር ወባን ቆጥሬያለሁ። መጀመሪያ ብርዱ፣ ቀጥሎ ትኩሳቱ፣ ቀጥሎ ላቡ። አባዬ ያስቀመጠልንን ክኒን አውጥቼ ሰጠኋት። ዋጠች። የዚያ አገር ወባ ክኒኑን ለምዶት ነበር ብለው አዋቂዎች የነገሩኝ ብዙ ቆይቶ ነው። እኔ ግን ክኒን የዋጠ ሰው እንደሚድን ስለማውቅ ወርጄ ተጫወትኩ።

ያይ የወንድሟን ልጅ በታንኳ አባዬን እንዲጠራ ላከች። ከዚያ እንቁላልና ሩዝ በሰሀን አድርጋ፣ ነጭ ክር በእማዬ አንጓ አሰረች። እማዬ በአንገቷ ማተብ፣ በእጇ ክር ሆና «ተዋት፣ እሷም በቋንቋዋ እየጸለየች ነው» አለችኝ። ያይ ደረጃው አናት ላይ ቆማ ወደ ማሳው እያየች መጣራት ጀመረች፦ «ነይ፣ ነይ ተመለሽ፣ ጫካ አትቅሪ፣ ውሃ ዳር አትቅሪ፣ ቤትሽ እዚህ ነው፣ ነይ!» እኔ ጎሹ የጠፋ መሰለኝ። ሮጬ ብወርድ ታስሮ ያመነዥካል። «ያይ፣ እዚህ ነው! አልጠፋም!» ብዬ ከታች ጮኽኩ። አልሰማችኝም። እንደገና ጮኽኩ። መጣራቷን አላቆመችም። የምትጠራው የእናቴን ነፍስ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ፣ ዝናቡ ባባራበት ሰዓት፣ ሞተች።

ላለቅስ አፌን ስከፍት ያይ ፊቴን በመዳፏ ጠረገችው። እንባ ሬሳ ላይ ከወደቀ ነፍስ መሄድ ይከብዳታል ነው የሚሉት። እንባዬን ዋጥኩ። ከዚያ ሰው መጣ። ሩዝ ይዞ፣ ዶሮ ይዞ፣ ምንጣፍ ይዞ። መነኮሳቱ መጥተው ዜማቸውን አዜሙላት፤ እኒያ ወደኋላ የዘለሉት ሽማግሌም ከፊት ነበሩ። እነሱ ሲሄዱ ደግሞ ወንዶቹ ካርታ አወጡ። ጎረምሶቹ ከልጃገረዶቹ ጋር ይቃለዳሉ፣ አንዱ የቀርከሃ ዋሽንት ይነፋል፣ ሴቶቹ እያበሰሉ ይሳሳቃሉ። እዚያ አገር ሬሳ ያለበትን ቤት «መልካም ቤት» ነው የሚሉት። ባለሐዘኑ ብቻውን እንዳይሆን፣ የሞተችውም በደስታ እንድትሄድ ሰው ሲስቅ ያመሻል። ይህን ዛሬ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን እናቴ በመሞቷ መንደሩ ሁሉ ደስ ያለው መሰለኝ። ቂጣዋን እያንዳንዳቸው በልተዋል፤ ምን እንዳጠፋች ለማሰብ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ችግኙን ስላጣመመች ይሆን?

አባዬ በማግስቱ ደረሰ። ከታንኳው ወርዶ በማሳው ድንበር ሲመጣ ከቤቱ ሳቅ ሰማ፣ ዋሽንት ሰማ። «ድናለች!» ብሎ መሮጥ ጀመረ። ፈገግ እንዳለ ነው ደረጃውን የወጣው። ያን ፈገግታ ከፊቱ ላይ እንዴት እንዳወረደው አይቻለሁ። ሌላው ቢረሳ ይሄ አይረሳም።

ከዚያ እንደ አገራችን አለቀሰ። «አስካለ! አስካለ! ወየው አስካለዬ!» እያለ ደረቱን ደቃ፣ ከወለሉ ተፈጠፈጠ። የቀርከሃው ወለል ተንቀጠቀጠ። ሕፃናት ሸሹ። እንደዚያ የሚያለቅስ ሰው አይተው አያውቁም፤ ጋኔን የያዘው መስሏቸው ሽማግሌዎች እጅና እግሩን ያዙት። እኔ ግን የዚያን ጊዜ ብቻ ነው ነፍሴ መለስ ያለችው። ለካ የሚያለቅስላት ሰው አላት።

እንጨቱ ተደርድሮ፣ እሳቱ ለማግስቱ ተዘጋጅቶ ነበር። አባዬ ከእንጨቱ ጋር ሲተያይ ገባው። ከእሱ ጋር የመጣው ፕራሰርት የሚባለው የሥራ ጓደኛው እንግሊዝኛ ይችል ነበር፤ ነገሩ እንደሚከፋ ሲያይ ግን ጎማ እንደሚፈትሽ ሾፌር ጎንበስ ብሎ ጠፋ፤ የመጡበት ደግሞ ታንኳ ነው። ስለዚህ እኔ መሀል ተቀመጥኩ።

«እኛ ሰው አናቃጥልም በላት» አለኝ አባዬ።

ነገርኳት። ያይ እኔን ሳይሆን እሱን አየችው።

«ምን አድርጋህ ነው? መሬት ውስጥ የሚጣለው እኮ የተገደለ ነው፣ የሰጠመ፣ ዛፍ የወደቀበት። ክፉ ሞት የሞተ። እሱ ነው መንገድ አጥቶ የሚነሣውና ሰው የሚያስቸግረው። ደግ ሰው በእሳት ይሸኛል። ደግ አልነበረችም?»

ነገርኩት።

«እሷንስ ምን በድላት ነው ሚስቴን እንደ ጭራሮ የምታነድብኝ? ጠላቷ ነበረች? በላት!»

ነገርኳት። ስመላለስ፣ ስመላለስ፣ አንድ ነገር ገባኝ። ሁለቱም የሚሉት ያው ነበር፤ እሷን እንዲህ አታዋርዳት፣ እንዲህ አታዋርጃት። ግን ይህን ማንም ተርጉም አላለኝም፤ ልጅ ደግሞ የታዘዘውን ነው የሚሠራው።

የመንደሩ ሹም ካርታውን አስቀምጦ ጠጋ አለ። «ምክንያቱን ይንገረን። ሰው ያለ ምክንያት ሚስቱን መሬት ውስጥ አይጥልም።»

አባዬ ቀና ብሎ ተቀመጠ። «ክርስቲያን ነን። በመጨረሻው ቀን ሥጋዋ ከመቃብር ይነሣል በለው።»

እኔ ከጎሽ ጋር የዋልኩ ልጅ ነኝ። የማውቀው ቃል «ና»፣ «ሂድ»፣ «ብላ»፣ «ተነሣ» ነው። የመጨረሻ ቀን፣ ፍርድ፣ ትንሣኤ፣ ይህ ሁሉ ከአቅሜ በላይ ነበር። ያለኝን አወጣሁ።

«እናቴ ከመሬት ውስጥ ትነሣለች» አልኩ።

ካርታ የያዙት ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«መቼ?» አለ ሹሙ።

አባዬን ጠየቅኩት። «ቀኑንና ሰዓቱን ማንም አያውቅም በለው» አለኝ።

«መቼ እንደምትነሣ አይታወቅም» አልኩ።

ዋሽንቱ ቆመ። ካርታው ተሰበሰበ። ሰዎች ደረጃው ሥር ጫማቸውን ሲፈላልጉ፣ የሌላውን ግራ ከራሳቸው ቀኝ ጋር አድርገው ሲሄዱ አየሁ። ብዙ አስቤበታለሁ፤ ትርጉሜ ልክ ነበር። ዛሬም ፍርድ ቤት አስተርጓሚ አድርጎ ቢቀጥረኝ ከዚያ የተሻለ አልተረጉምም። አባዬ ያለው ያንን ነው፣ የሚያምነውም ያንን ነው፤ እነሱ ግን እኛ ጸሎት ስንደግም እንደምናደርገው በአራት ነጥብ ደምድመው አላለፉትም፤ ከልባቸው ነው ያመኑት።

ቤቱ ውስጥ ያይ ብቻ ቀረች።

አባዬ ከጫካው ጠርዝ ቆፈረ። ክንድ ሳይወርድ ውሃ ሞላ። በባልዲ ቀዳ። ተመልሶ ሞላ። ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ ቆፈረ፣ እሱም ሞላ። ፕራሰርት አፍሮ ይሁን አዝኖ ተመልሶ መጥቶ አብሮት ይቀዳ ነበር። አባዬ ጉድጓዱ ውስጥ ጭቃ ለብሶ ቆሞ «ውሃ ውስጥ እንዴት አስቀምጣታለሁ?» አለ። ማንን እንደጠየቀ አላውቅም። እኔ ባልዲውን ተቀብዬ ደፋሁት።

ያይ መጥታ አየችው። ከዚያ መቆፈሪያውን ከእጁ ወሰደችና በማሳው ድንበር ላይ ቀደም ቀደም አለች። ተከተልናት። ኩይሳው ጋ ስትደርስ ቆመች። ያች ሴት ሌሊት ለሽንት እንኳ እኔን ቀስቅሳ ነበር የምትወርደው፣ መንፈስ ፈርታ። ሩዝ ቆንጥራ ከሥሩ አስቀመጠች፣ ያንን አሮጌ ባለቤት ለመነችው፣ መቆፈሪያውን ለአባዬ መለሰችለት።

«ደረቅ ነው» አለች። «ንገረው።»

መንገር አላስፈለገኝም።

ካህን የለም፣ ፍትሐት የለም። አባዬ አቡነ ዘበሰማያትን ደገመ፤ የቀረውን በልጅነቱ ከቤተ ክርስቲያን የሰማውን እያስታወሰ፣ ሲጠፋው እየደገመ ሞላው። ራሷን በስተምዕራብ ማድረግ ነበረበት፣ ፊቷ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን፤ ሰማዩ ግን ደመና ነው፣ ፀሐይ የለችም። ያይ ምን እንደሚፈልግ ሳይነግራት ምሥራቁን በአገጯ አሳየችው። በነጠላዋ ጠቅልለን፣ ማተቧ በአንገቷ፣ ክሩም በአንጓዋ ሆኖ አስቀመጥናት። አባዬ ክሩን ሊበጥስ እጁን ሰደደ። ያይን አያት። ተወው።

አጨዳው ሲደርስ ወንፈሉ ቀረ። ክፋት አልነበረበትም። ሴቶቹ ደረጃው ሥር መጥተው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው «ያይ፣ ልጆች አሉን» ብለው ሄዱ። መቼ እንደምትነሣ የማይታወቅ ሴት ያለችበት ማሳ ውስጥ ማን ጎንበስ ይላል? ያይ የሰው ማሳ ላይ የከፈለችው ጉልበት ሁሉ ሜዳ ቀረ። አልተሳደበችም። ማጭዷን ብቻ ሳለች።

አባዬ ወደ አገር የሚመልሰንን ትእዛዝ እየጠበቀ ነበርና አብሯት ገባ። ጤፍ ሲያጭድ ያደገ ነው፣ እጁ ማጭድ ያውቃል። እኔ ነዶ እሸከማለሁ፤ ከምሸከመው የማራግፈው ይበልጣል። ሦስት ሆነን፣ አራተኛው ዳም፣ ባለ ቀንዱ ማለቴ ነው። ዝናቡ ሄዶ ሰማዩ ጠርቷል። ከሙዳዩ ሩዝ በእጃችን እየጠቀለልን፣ ከዚያ ዓሣ እያጠቀስን እንበላለን። አባዬ ያን ዓሣ ከዚያ በፊት አፉ አስጠግቶት አያውቅም ነበር። ፊቱን ሳያዞር በላ። ከፊሉ ሩዝ አልደረስንበትም፤ ወፍ በላው፣ ረግፎ ቀረ። ያይ የሚቀጥለውን ዓመት ምን ትበላ ይሆን ብዬ ያሰብኩት እዚህ አሜሪካ፣ ከሽማግሌነት በኋላ ነው። ልጅ ሆዱ ከሞላ የሰው ሆድ አይታየውም።

አንድ ነገር ግን ታዘብኩ። ያይ ስታጭድ ኩይሳው ጋ ስትደርስ ታጥፋለች። ዙሪያውን አንድ ቀለበት ሩዝ ሳታጭደው ቆሞ ቀረ። ከቀለበቱ ወዲያ አታልፍም። እማዬን ፈራቻት። ያንን አይቼ ያይን ጠላኋት፤ እስከ መጨረሻው ማለዳ ድረስ ጠላኋት።

በመጨረሻው ማለዳ የጭነት መኪናው መንገድ ላይ ቆሞ እየጠበቀን፣ ያይ እጄን ይዛ ወደ ማሳው ወሰደችኝ። በሌላው እጇ ሩዝ የሞላበት ክዳን ያለው የቀርከሃ ሙዳይ፣ ከብብቷ ሥር የእማዬን ጫማ ይዛለች። አባዬ ከኋላችን መጣ። ቀለበቱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ዳም፣ መቼ እንደምትነሣ አይታወቅም ነው ያለው አባትህ?»

«አዎ።»

«ያን ጊዜ እናንተ የላችሁም።»

«የለንም።»

«ወደ ቤቴ ነው የምትመጣው፤ ሌላ የምታውቀው ቤት የላትም። ደረጃዬ ላይ ቆማ 'ልጄስ? ባሌስ?' ትለኛለች። ምን ልበላት? የት ሄዱ ልበላት?»

«ናዝሬት» አልኳት።

«ናሰለት።»

«ናዝ... ሬት።»

«ናስ... ሌት።» ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ተማሪ ደጋገመችው። እኔ አረምኳት፣ እሷ ደገመች። ከዚያ የቆመውን ሩዝ በእጇ ከፍላ ገባች። ፍርሃቷ አልለቀቃትም፣ ይታያል፤ እየፈራች ነው የገባችው። ጫማውን ከመቃብሩ ግርጌ ወደ ቤቷ አቅጣጫ አዙራ አስቀመጠችው። ሙዳዩን ከአጠገቡ አኖረች፣ ከሩቅ የሚነሣ ሰው ርቦት ነው የሚነሣ። ከዚያ ተንበረከከች፣ አፍንጫዋን አፈሩ ላይ አደረገች፣ ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ወደ ውስጥ ሳበች። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ።

«አባዬ፣ ያይ መሬቱን እያሸተተች ነው» አልኩ።

«እየሳመቻት ነው» አለ አባዬ።

ያን ሁሉ ሳሙና በከንቱ ጨርሼዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያው ስንወጣ ጠጅ ሳሩን ረስቼ፣ ክዳን ባለው ትንሽ የቀርከሃ ሙዳይ የሚያጣብቅ ሩዝ ገዝቼ ወጣሁ። ልጄ ትቆጣኛለች፤ የለመድኩት ነው። ፓርኪንጉ ውስጥ ሙዳዩን ከፍቼ አፍንጫዬን ከተትኩና በረጅሙ ሳብኩ። ያይ ቡንማ ከሞተች ስንት ዘመኗ። እንደ ወጉ በእሳት ሸኝተዋታል፣ በደግ ሰው ወግ። ያች እናቴ ግን ከተነሣች፣ ከዚያ ኩይሳ ወርዳ ከጠየቀች፣ ሁለቱም የሚያውቁት ስም አንድ ብቻ ነው፣ ናዝሬት። እዚያ ደግሞ እኔ የለሁም። ከወጣሁ ቆየሁ።

«ኩን...» አልኩ ወደ ሙዳዩ። «ኩን ራፒድስ።»

ሶልያና የመኪናውን በር እንደከፈተች ቆመች። «አባባ፣ ሁ አር ዩ ቶኪንግ ቱ?»

«አድሬስ ቼንጅ እያደረግኩ ነው።»

«ዩ ካን ዱ ዛት ኦንላይን፣ ዩ ኖው።»

«ኩን... ራፒድስ» አልኩ እንደገና፣ ቀስ ብዬ፣ ለያይ አፍ እንዲቀል።